ርብራብ

አባቴ አናጢ ነው፤ እኔ ነኝ ግንበኛ፤
በአንድ ገበታ ላይ ሁለት ተሟጋች ነን፣ ዳኛ የለን እኛ።

የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮ ሲያነድድ፣
ንፋስ ከስምጡ አፍ አቧራ ሲሰድ፣
የእንጨት ቤታችን ቀን ሙሉ ዝም ብሎ
ማታ ይናገራል፣ የዋለበትን ሙቀት ቀስ እያለ ጥሎ።
ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። «ሰማኸው?» ይለኛል፤
«ይኼኛው ወራጅ ነው፣ ያኛው ማገር ነው፤ በድምፁ ይለያል።
ያንተ ጡብ ምን ይላል?»
«ምንም አይል፣ አባባ። ዝም ብሎ ይችላል።»

እኔም ነገር አለኝ። ምስጡን አሳየሁት፤
የጓዳውን ቋሚ በጣቴ ብነካው፣ ዱቄት ሆኖ ገባ፣ ባዶ አገኘሁት።
ቀለሙ እንዳማረ፣ ልስኑ ሳይሸረፍ፣
ያ ቤት በምን ቆሞ ነው ያን ሁሉ ክረምት የሚያልፍ?
በልማድ መሰለኝ።
አባቴ ዱቄቱን እፍ አለው ከጣቴ፤
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኛስ በልተን የለ? ይብላ እንጂ፣ በሞቴ!»

ደግሞ አንድ ሌሊት
መሬት በመተሐራ በኩል ጎኗን ቀየረች፤
አምፖላችን ከጣሪያው ዥው ዥው አለች።
የእንጨቱ ቤት ጮኸ፣ ተወዛወዘና
እንደ ሽማግሌ ወገቡን ይዞ ቆመ፤
እኔ የገነባሁት የእትዬ ሉባባ ግንብ ግን
ድምፅ ሳያሰማ፣ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ታመመ።
ሲነጋ ሄጄ ስንጥቁን በጣቴ ለካሁ።
ማሰሪያ ብረቱን ቀንሼበት ነበር፤
ማንም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ዘንድሮ የኛን ቤት አፈረስነው።
ጭቃው አቧራ ሆኖ ወደ ፍራንኮ በኩል በንፋስ ተሳፈረ፤
ከእንጨቱ ደህና ደህናው አጥር ሥር ተከምሮ ቀረ።
ጡቤን ደረደርኩት፣ ረድፍ በረድፍ ላይ፣ ደረቴ ደረሰ፤
ከዚያ ወዲያ ክንዴ ቁመቱን ጨረሰ።

አባቴ ምንም ሳይናገር
ያን አሮጌ ቋሚ፣ ያን አሮጌ ማገር፣
ምስጥ ያልነካውን እየመረጠ አመጣ፤
በሽቦ ጠፍሮ ርብራብ ሠራልኝ፣ «በል» አለኝ፣ «አሁን ውጣ።»
ወጣሁ።
ቀጭ አለ ከእግሬ ሥር።
«ይኼኛው የቱ ነው?»
«የጓዳው ወራጅ ነው፤ ቀስ ብለህ እርገጠው።»

ይኸው እስከ አሁን ብረት አልቀነስኩም።
ለምን እንደሆነ ግን ለሱ አልነገርኩም።
ከታች ያቀብለኛል። አንዱን ጡብ ግን ያዘ፣
በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና ወደ ጆሮው አስጠጋ፤
እኔ እላይ ቆሜያለሁ፣
መዳፌ እንደተዘረጋ።