የግራው በር

ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣
አንድ ፔጆ ነበር፤
አራት መቶ አራት፣ ኋላው ክፍት፣ ለጭነት፣
ባሕር ዛፍ በቅሎበት፣
የዘበኛው ዶሮ ጫጩት ፈልፍላበት።
ማን እንዳቆመው የሚያውቅ አልነበረም፤
አንዱ «የጤና ቢሮ ነው» ሲል፣ ሌላው «የለም፣
የወባ ማጥፊያ ነው፤ አባቴ ያውቀዋል፣
ደንቢያ ድረስ ወርዶ ረግረግ ረጭቷል።»

መምህር አይቸው ጠመኔውን ኪሱ ከተተው።
«ሰበቃና ግፊት፣ በቃል ያጠናችሁት፣
ይኸው እዚህ ነው» አለ፣ «ኑ፣ በእጃችሁ ንኩት።»

ዐሥራ አንድ ነበርን። ቀድመን ዛፉን ቆረጥነው፤
ሥሩን፣ ካምቢዮውን ጨብጦ አገኘነው።
ቡሎኑ እምቢ አለ፣ ዝገቱ ቆልፎት፤
ማታ ናፍጣ ጠጥቶ አደረ፣ ጨርቅ ታስሮለት፤
ጧት ኑርሁሴን መጣ፣ «ቢስሚላህ» ብሎት፣
በዐሥራ ሰባት ቁልፍ —
ሲጥ አለ። ዞረ።
ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ለእኔ ብየዳ ደረሰኝ። ወንዶቹ «ዓይንሽ» አሉ፣
«ዓይንሽ ይጠፋል።» የነሱ ዓይን ሁሉ
የድንጋይ ነው መሰል! መነጽሩን ወስጄ
ላሜራን ከላሜራ አጋባሁ በእጄ።
ፍንጣሪው እጅጌዬን ወንፊት አደረገው፤
እናቴ በፀሐይ ዘርግታ አየችው፤
«ኩፍኝ የወጣበት ሸሚዝ» አለች፣ ሰፋችው።

ሰጠኝ ግን የያዘው የግራውን በር ነበር።
ዝገት የበላውን ጥሎ፣
ከዘይት በርሜል ላሜራ ቆርጦ፣
በእንጨት መዶሻ፣ ሳይቸኩል፣ ሲያሻሽ ሲመታው፣
እንደ ሰው ትከሻ ጎበጥ አደረገው።
አንድ ቀን፣ ሌሎቹ ውኃ ሊጠጡ ሲሄዱ፣
«አያቴ» አለኝ፣ «ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ።»
ዞር ብሎ አየ፣ ሰው ሰምቶ እንደሆነ።
እኔ በሩን ነበር የማየው።
እንዲህ ካወቀ እጅ ምን ይደበቃል?
አልኩት ይሆን? እንጃ። በልቤ ነው መሰል።

ሁሉም ቀስ በቀስ ሞላ፤ ካንዴላው፣ ባልስትራው፣
ፓራፋንጎው፣ ቸርኬው፤
መሪ ብቻ ጠፋ። «መሪ አጣን» እያልን
አራዳን ዞርነው፣ አዘዞ ወረድን፤
አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ ከመኪና ሥር ተንጋለው፣ ሳቁብን፤
«ማን አገኘ ብላችሁ፣ ልጆቼ!»
በመጨረሻ ከወደቀ ኤንትሬ ነቅለን ገጠምነው፤
ለፔጆ ትልቅ ነው፣ ለሠርግ እንደሚቀርብ ትሪ ነው።
ቀለሙ የባጃጅ ትራፊ፣ ሰማያዊ፤
ስንቀባው እኛም ተቀባን።

ሰኔ ሳይጋመስ ሰጠኝ ቀረ።
አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ሳምንት ተቆጠረ።
«መተማ ወርዷል» አሉ፣ «ለሰሊጥ ሥራ፣
የቤት ኪራይ አለባቸው።»
መምህሩ ስም ሲጠራ
በእሱ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆይና
ያልፋል።

ባትሪው ደካማ ነው፤ ገፋነው፣ ከሰንደቁ ጀምረን።
ዘበኛውም ገፋ፣ ጸሐፊዋም ነጠላዋን አጣፍታ፤
ቁልቁለቱ ሲደርስ ኑርሁሴን ፍሪሲዮኑን ለቀቀ —
አነጠሰ፣ ተንዘፈዘፈ፣
ጥቁር ጭሱን ተፋ፣
ጫጩቶቹ ተበተኑ፤
ሞተሩ ነቃ!
ከደስታ ብዛት ማን እንደጮኸ፣ ማን እንዳለቀሰ፣
ሁላችንም «እኔ አይደለሁም» እንላለን።

የመጀመሪያ ጭነቱ ውኃ ነው፤ ሃያ ጀሪካን፤
ለትምህርት ቤቱ ቧንቧ ከደረቀ ሦስተኛ ሳምንት ነበር።
መምህር አይቸው ነዳው፣ እኛ ከኋላ፣
በየጉብታው ውኃው እየረጨን፣ ፒያሳን አቋርጠን።
ሰው ቆሞ ያየናል። አንድ ባጃጅ ነጂ
«ወንድሜ!» አለው መኪናውን፣ በቀለሙ።

የግራውን በር ግን አልቀባነውም።
ማንም አልከለከለን። ኑርሁሴን ብሩሹን አነሣ፣
ቆመ፣ ጣሳው ውስጥ መለሰው።
ክረምቱ ሳያዝግብኝ በየሳምንቱ በዘይት ጨርቅ አብሰዋለሁ፤
የመዶሻው ጠባሳ በጣት ይቆጠራል፣
አንዳንዴ እቆጥረዋለሁ።
ለመስከረም ከመጣ፣ ቀለሙን ራሱ ይምረጥ።
ካልመጣም — ሹፌሩ በዚያ በኩል ነው የሚቀመጠው፤
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣
ክርኑን እዚያ ላይ ነው የሚያሳርፈው።