አራት ነጥብ

አባቴ እንየው ኪሱ ውስጥ ክር ይዟል፤
የሳሎኑን ግድግዳ ማታ ለክቶበታል፦
አንድ ቋጠሮ ለወርዱ፣ አንድ ቋጠሮ ለቁመቱ፣
ሦስተኛው ከሶፋው እስከ ግድግዳው ርቀቱ።
ኪርያት ጋት፣ ሐምሌ፣ አስፋልቱ እየቀለጠ፣
ክሩን ከኢሊያ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምስል ነጥብ ነው» አለ ኢሊያ፣ በሩስኛ ቃና ዕብራይስጥ፣
«እንደ አሸዋ የደቀቀ፣ ዐይን ለይቶ የማይመርጥ።»
እኔ አሸዋውን ጤፍ አድርጌ ተረጎምኩለት፣
አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ ነገሩ ገባለት።
ወደ ጎን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ፣
ቁልቁል ደግሞ አንድ ሺህ ከሰማንያ፤
በስልኬ አባዛሁት፦ ሁለት ሚሊዮን ከምናምን ፍሬ።
«ቢጎድልስ አንዷ፣ ማን ይቆጥራል ዛሬ?»

ጥጉ ላይ አንድ ርካሽ፣ «አራት ኬ ይቀበላል» የሚል።
ኢሊያ ጣቱን ነቀነቀ፣ «መቀበል ሌላ፣ ማሳየት ሌላ» ሲል፤
«ሆዱ ትልቁን ይውጣል፣ ዐይኑ ትንሹን ያወጣል፤
ሰው ይኼን ገዝቶ ይሄድና በሳምንቱ መጥቶ ይቆጣል።»
አባቴ ፈገግ አለ። «አውቀዋለሁ ይኼን፤
እኛንም ተቀብለውናል፣ መታየቱ ነው የቀረን።»
ይህንን ለኢሊያ አልተረጎምኩለትም።

«ይኼኛው ግን» አለ፣ ትልቁን ሣጥን እየዳበሰ፣
«የድሮ ቪዲዮ እንኳ ቢሆን፣ የደበዘዘ፣ ያነሰ፣
አንዷን ነጥብ ወስዶ አራት ነጥብ ያደርጋል።»
አባቴ ፍላሹን አወጣ። «እስቲ እሱን ያሳየናል?»

መብራቱ ጠፋ። እናቴ ብርቄ ሸራው ላይ ወጣች፣
በካራቫኑ ደጅ የርዳታ ብርድ ልብስ አሰጣች፤
አባቴ በውሰት ካሜራ እየተከተላት፣
«ተው!» ብላ ዞረችና ሳቋ አመለጣት።
ዐሥራ አንድ ሰከንድ። ከዚያ ዝናብ። ከዚያ ሰማያዊ ባዶ።

ጠርዟ ለሰለሰ። ጉንጯ ሰም መሰለ።
የአንገቷ ንቅሳት ታጥቦ የለም፣ ከቆዳዋ ተመሳሰለ።
«የጎደለውን ይገምታል» አለ ኢሊያ ቀስ ብሎ፣
አባቴ ሸራው ድረስ ሄደ፣ መነጽሩን ጥሎ፤
በቀረበ ቁጥር ፊቷ እየተበተነ፣
ዐይኗ ካሬ ሆነ፣ ሳቋም ካሬ ሆነ፤
እጁን ቢዘረጋ ጥላው ወደቀባት፣ የአምስት ጣት ጥቁር፣
ከክፍሉ ሁሉ የጠራው እሱ፣ ያለ ነጥብ፣ ያለ ቁጥር።

የክሩን ጫፍ ለእኔ ሰጥቶ ወደ ኋላ ተራመደ፤
ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ቆመ።
እዚያ ጋ ፊቷ መልሶ ገጠመ።

«አራት ነጥብማ» አለኝ በአማርኛ፣ «ማብቂያ ነው፣
አንባቢ ትንፋሽ ወስዶ ገጹን የሚዘጋው።
እኔ ገና አልጨረስኩም። ሁለት ነጥብ ይበቃኛል፣
ቃል ከቃል ይለይልኝ፣ ቀሪው በዐይኔ ይሞላል።
አንድ ሺህ ሰማንያውን ይስጠን በይው ያንን ልጅ፤
ዋጋም ይቀንስ።»
                      ኢሊያ ሃምሳ ሰቅል ቀነሰ፣ ከመቶ ልመና በኋላ እንጂ።

ማታ ትሪሱን ዘጋሁ። ግድግዳው ላይ ሚስማር ቀርቷል፣
ድሮ የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለበት፤ እናቴ ትከሻ ላይ ያርፋል።
«ነገ እነቅለዋለሁ» አልኩት።
«ተይው፣ ብርድ ልብሱን ትሰቅልበታለች» አለ።
ዐሥራ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ ዝናብ፣
ከዚያ እንደ ገና፡