ሦስተኛው

ኩታይሲ፣ ከሪዮኒ ማዶ፣ ከጋራዡ ደጃፍ ላይ፣
የስልሳ ሁለት ቮልጋ፣ ቀለሟ የዝናብ ሰማይ፣
ቆማ ታነክሳለች፤
ሦስቴ ረግጣ አንዴ ትስታለች።

ላማራ ካንዴላ ቀየረች። ማጣሪያውን ነፋች።
ካርቡራተሩን ፈትታ በጥርስ ብሩሽ አጠበች።
ሚኒሞውን ከፍ አደረገች።
ያው ናት። ታነክሳለች።

አባቷ ኑግዛር መጣ፣ እየጎተተ ነጠላ ጫማ፤
ጆሮው ከደነቆረ ሰባት ዓመቱ፣ ነጎድጓድ እንኳ አይሰማ።
መዳፉን ከፓራፋንጎው ላይ አሳረፈ፣
ዐይኑን ከደነ፤ በከንፈሩ ቁጥር አሳለፈ።
«ሦስተኛው!» አለ ጮኾ፣ የድምፁን ልክ ረስቶ።

አላመነችም። ገመዶቹን በየተራ፣ በጓንት፣ እየነቀለች መለሰች፤
አንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ተንገዳገደ፣
በሁለተኛው ሊጠፋ ተንቀጠቀጠ፣
ሦስተኛውን ነቀለች፤ ምንም አልተለወጠ።
እንዲህ ነው ሕመምተኛው የሚለየው፦
ሲሄድ ካላጎደለ፣ ድሮም አልነበረም።

ግን ካንዴላው አዲስ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ነው የገባ።
ሽማግሌው ወደ አምፖሉ ጠቆመ፦ አጥፊው።
ጨለማ።
ከሦስተኛው ገመድ ወገብ፣ ከተሰነጠቀው ጎማ፣
ሰማያዊ ክር እየዘለለ ብረቱን ይልስ ነበር፤
እሳቱ ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሰክር ነበር።

ኑግዛር ሳቀ። ጠቅታውን በዐይኑ ሰማ፣
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ በጣቱ ኮፈኑን እየመታ።
ላማራ እጇን ማብሪያው ላይ እንዳሳረፈች ቆየች፣
ሳታበራ።

የገመዱ ዋጋ ዐሥራ ሁለት ላሪ ነው።
ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል።