አሥራ አንደኛው ዙር

ደሴ ላይ ጠዋቱ ሹራብ ያስደርባል፣
ሐረጎን ሲወርዱ ሙቀቱ ይቀርባል፤
የመንገዱን ጥምዝ በሴኮንድ እቆጥራለሁ፣
ሥራዬ ነውና ሁሉን እሰፍራለሁ።
ሠርግ ቤት ተጠርቼ፣ ለቅሶ ቤት ገብቼ
ስንት ጊዜ ወጣሁ ሰዓቴን አይቼ።

ኮምቦልቻ።
አንገቴ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ላይ ሰዓት፣
እጄ ላይ ሰሌዳ፣ ባዶ ቅጽ ያለበት።
መኪና አሥራ ሰባት። አንሻ ይመር። እጅጌ መግጠም።
ትከሻው ላይ ሲያርፍ ቤት የሚመታ፣ እንደ ግጥም።

ሥራዋን በአምስት ከፈልኩት፦ ማንሣት፣ ማስተካከል፣
መስፋት፣ ክር መበጠስ፣
ደርቦ ማስቀመጥ፤ ከዚያ ደግሞ መመለስ።
አንደኛው ዙር አርባ፣ ሁለተኛው አርባ አንድ፣
ሦስተኛው ሠላሳ ዘጠኝ፤ ቀጥ ያለ መንገድ።

ሰው ሲለካ ያውቃል። አንዱ ሆን ብሎ ይዝላል፣
ነገ የሚጫንበት እንዲያንስ ያሰላል፤
አንዱ ደግሞ ይሮጣል፣ ጎበዝ ነው እንዲባል፣
እስከ ማታ በዚያው የሚቆይ ይመስላል።
ስለዚህ ፍጥነቱን በዓይንህ ትመዝናለህ፤
መቶ ነው? ዘጠና? አንድ ቁጥር ትሰጣለህ።
መጽሐፉ ግምት ይለዋል። እኔ ግን ስፈርም
እጄ ይከብደኛል፤ ዳኛ ነኝ ወይ መቼም?

አንሻ አልዛለችም፣ አልሮጠችም፤
ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።
እስከ አሥር ድረስ እንዲያው አርባ አርባ፣
መርፌው እየወጣ፣ መርፌው እየገባ።

አሥራ አንደኛው ላይ
እግሯን ከፔዳሉ አነሣች፣
ወደ ቀኟ ዞረች።
ጦይባን ክሩ ከመርፌዋ አምልጧታል፣
ዓይኗ ደከመና ቀዳዳው ጠፍቷታል።
አንሻ በምራቋ አርጥባ ክሩን አሾለች፣
በአንድ ትንፋሽ ሰክታ ወደ እጅጌዋ ተመለሰች።
ቃል አልተለዋወጡም።
ዘጠና ሰባት ይላል ሰዓቴ።

ዘጠና ሰባት፣ በአርባዎች መካከል፣
ከገደል የወረደ ቋጥኝ የሚያህል።
ደንቡ ግልጽ ነው፦ የሥራው አካል ያልሆነ ነገር
ይከበብ፣ ይሰረዝ፣ ከድምሩ ይቅር።
ከበብኩት። መሰረዙ ላይ ግን እርሳሴ ቆመ።

አበል የሚባል አለ፦ ለድካም በመቶ አምስት፣
ለግል ጉዳይ አምስት፣ ክር ሲቆረጥ ሁለት።
ሠንጠረዡን አገላበጥኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤
የጦይባን ዓይን በየትኛው ረድፍ ልጻፍ?

ምሳ ላይ ጠየቅኳት፦ «በቀን ስንት ጊዜ ነው?»
«ምኑ?»
«መርፌው።»
ሳቀች፦ «ቆጣሪው አንተ ነህ።
እሷ ትከሻውን ካልሰፋች፣ እስቲ ልጠይቅህ፣
እጅጌውን የት ልግጠመው? አየር ላይ?»
ልኳን ልወስድ ሄጄ ልክ ልኬን ነገረችኝ፣
ሳህኗን ገፋ አድርጋም «ቅመስ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሒሳቡን ሠራሁት፣
ዘጠና ሰባቱን ሳልሰርዝ ደመርኩት።
አርባ አምስት ወጣ።

አቶ ይርዳው ወረቀቱን አይቶ መነጽሩን አወለቀ፤
«አምስቷ ሴኮንድ ከየት መጣች?» ብሎ ጠየቀ።
«የክር ናት» አልኩት። ውሸት አይደለም፤
እውነትም ሙሉ አይደለም።
«እስቲ በአምስት ሺህ እጅጌ አባዛት።»
አባዛኋት። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረ፤
«ሰኞ ድገመው» ብሎ በቀይ አሰመረ።

ማታ ሐረጎን ስንወጣ ብርዱ ተመለሰ፣
ሹራቤን ፍለጋ እጄ ቦርሳዬን ዳሰሰ፤
አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው
እንቅልፍ ጣለውና ትከሻዬን ተንተራሰው።
ጥምዙን ስቆጥር ከአራተኛው አላለፍኩም፤
ሰዓቴ ያለበትን ኪስ ተጭኖታል፤ አላወጣሁም።
ከጦሳ ሥር የደሴ መብራት እስኪታይ
እንዲሁ ተቀመጥኩ፣ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ፤
ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።