ያጋጠመ ችግር

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ከኮሌጁ መጥቷል፣
አርማ ከራስጌው፣ ማኅተም ከግርጌው ታትሟል።
«የክረምት አገልግሎት» ይላል ደማቁ መስመር፤
የሄድክበትን ጻፍ፣ የሰበክኸውን ቁጠር፣
የሰማህን ሰው ብዛት በአኃዝ አስፍር።
መጨረሻ ያለች ሣጥን እንዲህ ትላለች፦
«ያጋጠመ ችግር»፤ ሁለት ጣት ታህላለች።

እጽፋለሁ እንግዲህ።

የሄድኩበት ቦታ፦ ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ፣
ከዚያም በአይሱዙ፣ ጭቃው እስኪያደርስ፣
ከዚያም ደግሞ በእግር፣ ጫማን በእጅ ይዞ፣
ጨሞጋ እስኪጎድል ዳር ቆሞ ተክዞ።
የሐምሌ አቦ ማግስት። ሻንጣዬ ውስጥ ያለው
ሦስት ዓመት የጻፍኩት «የስብከት ዘዴ» ነው፤
መግቢያ፣ ሦስት ነጥብ፣ ምሳሌ፣ መደምደሚያ፣
እጅ መቼ እንደሚነሣ፣ የዓይንም ማረፊያ።

የኔታ ላእከ ግን ሻንጣዬን አላዩም፤
«ግባና ተቀመጥ» አሉኝ፤ ስሜንም አልጠየቁም።
ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች መሐል ገባሁ፣
መነጽሬን ጠርጌ ሣር ላይ ተቀመጥሁ።
ግስ በኮሌጅ ስማር «ኤ» ነበር ያመጣሁት፤
እዚህ ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ናት፣
ዘጠኝ ቀን ቆጠርኳት፣ ዘጠኝ ቀን ሰበርኳት።
ይትባረክ የሚሉት፣ ጺም ያላበቀለ፣
ያርመኝ ነበረ «ቤት አልመታም ጋሼ» እያለ፤
ለምኖ ያመጣውን ኮቸሮ ሲያካፍለኝ፣
«ይብሉ፣ ነገ ይመታል» ብሎ አጽናናኝ።

ነሐሴ አንድ ሲል፣ ሱባኤው ሲገባ፣
ወሬው ወንዝ ተሻገረ፤ «ሰባኪ አለ፣ ያዲስ አበባ!»
አቶ አስረስ መጡ፣ የሰበካው ጸሐፊ፣
ሽቦው የወላለቀ ጃንጥላ ደጋፊ፤
«ጣራችን አዲስ ነው፣ ቆርቆሮ ነው» አሉኝ፣
ሳሩ የተነሣበትን ቀን በኩራት ነገሩኝ።

በስልኬ ብርሃን ሌሊቱን አጠናሁ፤
ስለ ትዕግሥት ነበር፤ ሦስት ነጥብ ቃኘሁ።
ከቅዳሴ በኋላ መድረኩ ላይ ስወጣ፣
«በስመ አብ» ከማለቴ ዝናቡ መጣ።

ጆንያ ሙሉ ጠጠር የገለበጠ ሰው
ጣራው ላይ የወጣ ነበር የሚመስለው።
አንደኛውን ነጥብ ራሴው አልሰማሁት፤
ሁለተኛውን ጮህኩ፣ ሦስተኛውን ረሳሁት፤
እጄ ግን ተነሣ፣ እንደተማርኩት ሆኖ፣
ዓይኔ ማረፊያ አጣ፣ ከምሰሶ ምሰሶ ባዝኖ።
አንድም ሰው አልወጣም። ከራሰው ጋቢያቸው
እንፋሎት ይነሣል፤ አፌን ያያሉ፣ ዝም ብለው።
ሃያ ደቂቃ ያህል ከንፈሬ ብቻ ሠራ፤
«ወስብሐት» ስል አባራ፣ በስሙ እንደ ተጠራ።

ከደጁ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ጠበቀችኝ፣
እትዬ አንጓች ናት፤ በሁለት እጇ ያዘችኝ።
«ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ ምን ዓይነት ትምህርት ነው!
የኔም ልጅ እንዲያ ነው ሲያወራ ከንፈሩን እሚያደርገው፤
ሁመራ፣ ሰሊጥ ሲል፣ ሄዶ አምስት ዓመቱ ነው፤
ዛሬ ደህና ነኝ አለኝ። እኔም ይቅር አልኩት፣ በቃ ይኸው።»

አቶ አስረስ ቀጠሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣
«የወሰኑን ነገር... ማን ነገረዎ ግን? አጥንቴን ነኩት ገብተው።
ለዳምጤ ያን ትልም ነገ እለቅለታለሁ።»
እኔ ወሰን የሚል ቃል መች ተንፍሻለሁ?

ለየኔታ ነገርኩ፣ ሳቅና ኀፍረቴ እየተደባለቀ፤
«ዝናቡስ» አሉኝ፣ «ከየት ነው የተመረቀ?»
ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጭራቸውን አነሡ፣
ዝንቡን አባረሩና ወደ ልጆቹ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ዞርኩ፣ አሥር አጥቢያ፣ ባባራ ሰማይ፤
ሦስቱንም ነጥብ ጨረስኩ፣ ሳልደናቀፍ፣ ወረቀት ሳላይ።
ጥርት ብሎ ተሰማ። «እግዜር ይስጥልን» አሉኝ።
ደጃፍ ላይ ቆሞ ግን ማንም አልጠበቀኝ።

ጳጉሜን ላይ ተመለስኩ። ቅጹ ከፊቴ ነው።
ስብከት፦ አሥራ አንድ። የሰማ፦ ይህን ማን ያውቀው?
ጉባኤ ቃና፦ አንድ፤ ግማሹን ይትባረክ ነው ያቃናው።
«ያጋጠመ ችግር» ላይ ብዕሬ ቆመ፤
ያ ጣራ ጆሮዬ ውስጥ እንደገና አስገመገመ።
«ዝናብ» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። ሰረዝኩት።
«የለም» ብዬ ጻፍኩ። ያንንም ደለዝኩት።
«ስርዝ ድልዝ ያለበት አንቀበልም» አለችኝ፤
መዝጋቢዋ፣ ቀና ሳትል፣ ባዶ ቅጽ ሰጠችኝ።