ቆጣሪ

የእትዬ ዘርጊ ግቢ፣ ማታ በሦስት ሰዓት
ከዋናው ማጥፊያ ላይ ይቆረጣል መብራት።
«የተከራያችሁት ጣራና ግድግዳ፤
ቆጣሪው የኔ ነው፤ አልገባም ከዕዳ።»

ሸጊቱ አትተኛም። ሞባይሏን አብርታ
ትገልጣለች ደብተር፣ ከጉልበቷ አስጠግታ፤
በግራ ያለብን፣ በቀኝ ያለን ነገር፤
የግራው ገጽ ሲሞላ የቀኙ ነጭ ነበር።
የሠርጋችን ድንኳን፣ የወንበሩ ኪራይ፣
የማርልኝ ሳል ሽሮፕ፣ የሱቅ ዘይትና ሻይ፤
በላተኛው ሄዶ፣ ለኛ ቀረን ጉዳይ።

እኔ የሰው ባጃጅ ስነዳ እውላለሁ፤
ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ሆስፒታል እመላለሳለሁ።
ፍኖተ ሰላም ይሏታል፤ እንጃ የሰላሙን፣
ፍኖቱን ግን እኔ ልንገራችሁ፣ ከነጉድጓዱ ቁጥሩን።
ማታ ለባለንብረት ገቢውን ስቆጥር
በእጄ የሚቀረኝ የቤንዚን ሽታ ነበር።

እሷ ደግሞ በርበሬ፤ ኅዳር ሲረክስ ገዝታ፣
ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ አስፈጭታ፣
በግማሽ ኪሎ ፌስታል ቋጥራ ታስቀምጣለች፤
ሰኔ ላይ ሲወደድ ትፈታለች።
አልጋችን ላይ ሳይቀር ስናስነጥስ ሦስታችን፣
«ይማርሽ»፣ «ያኑርህ» ሆነ ወሬያችን።

የእሑዱ እቁብ ደረሰኝ በሁለተኛው ዓመት፤
ስሜ ሲጠራ ጉልበቴ ከዳኝ ከተቀመጥሁበት።
ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ በቃ! ለሸጊቱ ልነግራት በእግሬ ሮጥሁኝ፤
የሰው ባጃጅ ከነቁልፉ ሰብሳቢው ደጅ መቆሙ፣ እቤት ስደርስ ትዝ አለኝ።

በሳምንቱ ስልክ መጣ ከደጋ ዳሞት።
ወንድሜ ነው። «አባባ» አለ።
ሌላ ቃል አልነበረበት።

ከቀብር መልስ፣ ከድንኳኑ ጥግ፣ ዘመድ ተሰብስቦ
የአርባውን ተዝካር ዘረዘረ፣ ጠላውን ሰንጋውን አስቦ።
«ከተማ የገባ ልጅ እያለ፣ ሰው ምን ይለናል?»
ሰው ምን ይለናል!
ይቺ ጥያቄ ስንት በሬ አርዳለች፣ ስንቱ ጎጆ በሷ ተዘግቷል።

ሸጊቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዝም አለች።
በማግስቱ ደብተሯን አወጣች።
እኔ ጥርሴን ነክሼ
«አትስጥ» እንድትለኝ ጠበቅሁ፣ ከሷ ጀርባ ሸሽቼ።
አላለችም።
«ለካህናቱ ይሁን፤ ለነዳያን ይሁን፤ ለእናትህም አንድ ማዳበሪያ እህል።
ሰንጋ ግን በኛ ገንዘብ አይወድቅም። ሰንጋ ያማረው ይክፈል።»
የእቁቡ ግማሽ ሄደ። ዘመድ አኮረፈ።
አጎቴ ካየኝ መንገድ ይሻገራል፤ ይኸው ስንት ፋሲካ አለፈ።

ደብተሩን ሰርቄ አየሁ፤ ከዕዳም ከገቢም አልጻፈችው፤
ከሁለቱ ገጽ መሃል፣ ከሽቦው ስፌት ላይ፣
«አባባ» ብላ አኖረችው።

ባጃጁ ዓመት ዘግይቶ መጣ፤ አሮጌ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፤
የግራው ገጽ ቀስ በቀስ በሰረዝ ደመቀ።
ዘንድሮ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮው አዲስ፣ ጭቃው ገና ያልደረቀ፤
የኛ ነው።
ቆጣሪውም ገባ፤ ወረቀቱ
«ወይዘሮ ሸጊቱ አንማው» ይላል፤ አሥር ጊዜ አነበብነው።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ማንም አላጠፋም።
አራት። አምስት።
ማርልኝ ተኛች፤ እኛ አልተኛንም፤
ጎን ለጎን ተጋድመን አምፖሉን እናያለን፣
ዓይናችን እያነባ፣ አንዱ ሌላውን «ተኛ» ሳንል ቆየን።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሸጊቱ ብድግ አለች፤
«ልየው!
ይቆጥርብናል’ኮ!»
ቀጭ አድርጋ አጠፋች።
በጨለማው መሃል አስነጠሰች።

«ይማርሽ።»
«ያኑርህ።»