ስድስት መስታወት

ከዋሻው አፍ መለስ፣ ወደ ግራ ዞራ፣
አሮጊቷ ፒካፕ ጀመረች ቆጠራ፤
ብሎን በየተራ፣
ሽቦ በየተራ።

ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ሊብሬው ይናገራል፤
ቀለሟን «ሰማያዊ» ነው ይላል፤ ይቀልዳል።

መንገዱ ቆርቆሮ ነው፣ ነፋስ የነቀለው፣
ምድር ላይ አንጥፎ «በሉ ንዱ» ያለው።
ዳሽቦርዱ ይንጫጫል፤ በሩ ያጨበጭባል፤
ባሌስትራው ያረጀ ጉልበት ነው፤ ያስባል
ከመታጠፉ ፊት።
የነዳጁ ቀስት ሞቷል ዓምና ክረምት፤
ሰልባትዮውን የምለካው በሸንበቆ እንጨት።

ጋቢና ተቀምጣ መምህርት ትርንጎ፣
ስድስቱን መስታወት በባና ሸሽጎ
ጭኗ ታቅፏቸዋል፣ እንደ ሕፃን አድርጎ።
«ከኋላ ልጫነው» ብላት፣ አላመነች፤
«ሁለት ክረምት ሙሉ ጠብቄ ነው» አለች፤
«ሦስተኛ ክፍልን ነፋስ ነው ያስተማረው፤
መስኮቱን የዩሪያ ጆንያ ነው የሠወረው።»

«ቀስ በል» አለችኝ። ቀስ አልኩኝ። ባሰ።
መስታወቱ ባናው ውስጥ አለቀሰ።

አጎቴ እንግዳወርቅ፣ ሞራ ዓይኑን ጋርዶት፣
ቁልፉን ሲያስረክበኝ፣ ኮፈኗን ደግፎት፣
«ሠላሳ ብትነዳ አጥንትህን ይለቅማል፤
ሰባ ብትነዳ ጎማህ ይንሳፈፋል፤
ያን ጊዜ ዝም ይላል።
ዝም ሲል ግን ጠርጥር፤
መሪ ያኔ ነው ውሸት የሚጀምር።
ደግሞም አትርገመው፤ ይህን ሁሉ ሞገድ
ጎማ ነው የሠራው፣ ሲዘልል በመንገድ፤
ግማሹ የእኔ ነው።»

ነገርኳት። ሰማችኝ። ባናዋን ዳሰሰች።
«እንግዲያስ እንዋሽ፤ ተንሳፈፍ» አለች።

ሃምሳ። ስልሳ። ስልሳ አምስት። ጥርሴ ሊወልቅ ደርሶ…
ሰባ ላይ፣
ጸጥ አለ፤ መንገዱ እንደ እርጎ ለስልሶ።
ብሎኑ ዝም አለ፤ ሽቦው ዝም አለ፤
ከሰላ ድንጋይ ወዲያ ገብሱ ብቻ አለ፣
ቢጫ፣ ተዘርግቶ፣
አቧራችን ብቻ ከኋላ ተጎትቶ።

ከዚያ ኩርባው መጣ። ከኩርባው ወዲያ በግ፤
መቶ በግ፤ በግ ብቻ፤ ከጥግ እስከ ጥግ።
ፍሬን ያዝኩ። መሪው ዋሸ። ፒካፗ በጎን ሄደች፤
እንደ ሰካራም ዋልላ፣ ቦይ አፍ ላይ ቆመች።

ክሽ አለ። ረዥም። የመስታወት ድምፅ።

ትርንጎ ባናውን በጣቷ ከፈተች፤
አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት… እያለች ቆጠረች።
አምስት።
ስድስት። ሙሉ ነው።
የተሰበረውማ የእኔው በር ነው፤
መስታወቱ ወርዶ፣ በሩ ሆድ ውስጥ ፈሶ፣
ነፋስ ሳይከፍል ገባ፣ ፊታችንን ዳስሶ።

ባለበጉም በጎቹን ሲቆጥር ቆየና፣
«የእኔም ሙሉ ነው» አለ፣ «በሉ ሂዱ በደህና።»

ሞላሌ ደረስን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ።
ስቱኮና ምስማር፤ አናጢው ጥንቁቅ፣
አፉ ውስጥ ምስማር ይዞ የማይናገር።
ስድስቱም ተራ በተራ ቦታቸው ሲገቡ፣ ልጆቹ በውጭ በኩል
አፍንጫቸውን ለጥፈው፣ በትንፋሽ አጨለሙት ወዲያው።
ያ አሮጌው ጆንያ መሬት ላይ ተረፈ፤
ትርንጎ ሰጠችኝ፤
የፒካፗ በር ላይ በሽቦ ተሰፍቶ ተለጠፈ።

ስመለስ ድንግዝግዝ።
ነፋሱ ጆንያውን እንደ ሸራ ወጠረው፤
እስክሪብቶ ያለው ልጅ የሞነጫጨረው
ከዩሪያው በታች፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ…
እዚያ ላይ ደወል ተደውሎ ይሆን? ወይስ ጣቱ በርዶት?

ሰባ አልነዳሁም።
ሠላሳ ላይ፣ ዝግ ብዬ፣ አጥንቴን እያስለቀምኩ፣
የአጎቴን ሞገድ አንድ በአንድ በጎማዬ ዳሰስኩ።
ግማሹ የእሱ ነው።
ዛሬ እኔ የጨመርኩት የትኛው እንደሆነ፣
በቀረችኝ አንድ መብራት ብፈልግ፣ አልለየሁም።